ማይኩ ዝግ ነው፣ ጩኸቱ ግን አለ

የሳውንድ ሰው ሥራ ምንድነው ብትሉኝ ግማሹ ጩኸት ማጥፋት ነው። ዘፋኙ ማይክ ይዞ ስፒከር ፊት ይቆማል። ማይኩ የስፒከሩን ድምፅ ይቀበላል፣ ስፒከሩ ያንኑ አጉልቶ ያወጣዋል፣ ማይኩ እንደገና ይቀበለዋል፣ ወዲያው ፊሽካ! ሰው ጆሮውን ይይዝና ዞሮ የሚያፈጠው እኔ ላይ ነው።

የምሠራበት አዳራሽ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው፣ ስሙ ይቅር። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ለሳውንድ ቼክ መጣች። ክራር ይዛለች፣ በፌስታል ደግሞ ትንሽ ሚክሰር፣ የድምፅ ማቀላቀያ ማለቴ ነው።

«ስንት ማይክ ላዘጋጅልሽ?»

«ማይክ አልፈልግም ጋሼ።»

«እሺ፣ ሚክሰሩ ላይ ምን ይሰካል?»

«ምንም።»

ከዚያ አንድ ኬብል አወጣችና የሚክሰሩን መውጫ መልሳ እዚያው መግቢያው ላይ ሰካችው። አዲስ ረዳት ሲመጣልኝ መጀመሪያ «እንዳታደርግ» የምለው ይህንኑ ነው። እሷ ግን ተረጋግታ ቮልዩሙን ከፍ አደረገች። ማንኛውም ሚክሰር ውስጡ ትንሽ ሹክሹክታ አለው፤ ያ ሹክሹክታ ወጥቶ ሲገባ፣ ገብቶ ሲወጣ እየጎላ ሄዶ መጮህ ይጀምራል። የሚገርመው ጩኸቱ ቁልፎቹን ይሰማል። ሚዱን፣ የመካከለኛውን ድምፅ ቁልፍ፣ ስታዞር ቀጠነ፣ ቤዙን፣ የወፍራሙን፣ ስትነካ እንደ ከበሮ መምታት ጀመረ። እኔ እነዚህን ቁልፎች ስጠመዝዝ ነው የኖርኩት፣ እንደ ክራር ጅማት ይቃኛሉ ብሎ የነገረኝ ግን የለም።

«ይሄ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» አልኳት። አልተቀየመችም። ቶሺማሩ ናካሙራ የሚባል ጃፓናዊ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ምንም ያልተሰካበት ሚክሰር ብቻ እየተጫወተ አልበም እንደሚያወጣ ነገረችኝ። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ስቲቭ ራይክም በ1968 ማይኮችን ከስፒከር በላይ አንጠልጥሎ እንዲወዛወዙ ለቀቃቸው፤ ማይኩ ስፒከሩ ጋ በደረሰ ቁጥር ይጮሃል፣ ሙዚቃው እሱ ነው። እነዚህ ብዙም አልገረሙኝም። የገረመኝ የሀሊም ኤል-ዳብ ነገር ነው። ሰውየው ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመው እሱ መሆኑን ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት፣ በ1944 ካይሮ ውስጥ፣ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መቅረጫ ተውሶ የሴቶችን የዛር ሥርዓት መቅዳቱን ግን አላውቅም ነበር። የቀዳውን ሬዲዮ ጣቢያ ወስዶ በማሚቶ እየለወጠው ሙዚቃ አደረገው። ፓሪስ ውስጥ ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የተቀዳ የባቡር ድምፅ ቀጣጥሎ ሙዚቃ በማድረግ ስሙ የገነነው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ዛር ደግሞ ለማን ይነገራል?

ሌላም ነገር ጠየቀችኝ። መድረካችን ላይ «እምምም» የሚል የቆየ ጉርምርምታ አለ። መድረኩና የእኔ ሚክሰር ከተለያየ ሶኬት መብራት ስለሚወስዱ በመሬት ሽቦው ዞሮ የሚመጣ ነው። ላጠፋላት ስል «እሱንማ እንዳይነኩብኝ» አለች። የእኛ አገር መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ ይህም ሶል ከሚባለው ወፍራም ኖታ ትንሽ ከፍ ይላል። ክራሯን በእሱ ቃኘችው። መብራት እስካልጠፋ ድረስ ቅኝቱ አይፈርስም ማለት ነው።

እኔም ሥራዬን ሠራሁ። ድምፅ ከልክ እንዳያልፍ የሚይዘውን መሣሪያ፣ ሊሚተሩን፣ አጠበቅኩ፣ ቀጭኑን ድምፅ ቀነስኩ፣ ከዚህ አይለፍ ብዬ ምልክት አደረግኩላት። ለአለቃችንም «ዛሬ ማታ ጩኸት ይኖራል፣ ሆን ተብሎ ነው» አልኳቸው። ስልክ ላይ ነበሩ፤ «እሺ እሺ» አሉኝ።

ማታ ተመልካቹ ብዙ አይደለም፣ አብዛኛው ተማሪ ነው። ልጅቷ ጥሩ እየሄደች ነበር። አንድ ረጅም ፊሽካ ቀስ እያለ ሲወጣ አለቃችን ከላይ ከቢሮ እየሮጡ ወረዱ። እንግዳ ነበራቸው መሰለኝ።

«ማይክ ዝጋ! ማይኩን ዝጋው!»

«ማይክ የለም እኮ ጋሼ።»

አላመኑኝም። ራሳቸው ሚክሰሬ ላይ ጎንበስ ብለው ያገኙትን ሁሉ ዘጉ፤ የሷን መስመር ግን አላገኙትም፣ ፊሽካው እንዳለ ነው። ጠረጴዛ ሥር ተመለከቱ። ከዚያ እኔ «ቆይ!» ሳልል ኤክስቴንሽኑን ከግድግዳው ነቀሉት።

በዚህ ሙያ ሚክሰር መጀመሪያ ይበራል፣ ድምፁን ለስፒከር የሚያጎላው አምፕሊፋየር (አምፑ) መጨረሻ። ሲጠፋ ተቃራኒው ነው፣ አምፑ ይቅደም። ምክንያቱም ሚክሰር መብራት በድንገት ሲቋረጥበት አንድ ትልቅ ምት ወደ አምፑ ይልካል። አምፖቻችን ከመድረክ ጀርባ በሌላ መስመር ላይ ናቸው፣ እንደበሩ ናቸው። ጠባቂ ያደረግኩት ሊሚተር ደግሞ እዚያው የተነቀለው ኤክስቴንሽን ላይ ነበረ።

ዷ!

አዳራሹ ተንቀጠቀጠ። ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ፣ መጨረሻው መስሎት።

በማግስቱ የግራው ስፒከር ትዊተር፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል፣ መቃጠሉ ታወቀ። አለቃችን ከልጅቷ ክፍያ ይቆረጥ አሉ። እዚህ ላይ አልተስማማሁም። የሷ ጩኸት ሌሊቱን ሙሉ ቢቀጥል ኖሮ ሊሚተሩ ይዞት ያድር ነበር፣ ትዊተሩን የበላው ነቀላው ነው። ተከራከርን። እኔ ከእሳቸው ጋር እምብዛም አልከራከርም። የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ «ታዲያ ሶኬቱን የነቀለው ማነው?» ብላ ስትጠይቅ ነገሩ አለቀ። መለዋወጫው መርካቶ ተገኘ፣ ከኪሳችን ሳይሆን ከቤቱ ተከፈለ።

ሊሚተሩን ወደ አምፖቹ መስመር አዛወርኩት። የኪራይ ፎርሙ ላይም «ሆን ተብሎ የሚሰማ ጩኸት አለ?» የሚል መስመር ጨምረናል፣ አለቃችን ይፈርሙበታል። ረዳቶቼን ደግሞ በአሮጌው ሚክሰር መውጫውን መግቢያው ላይ እየሰካሁ አለማምዳቸዋለሁ፣ በጣም ቀንሼ፣ በትንሽ ስፒከር፣ በኢርፎን በፍጹም አይሆንም። አንዱ አሁን ማይክ ሲጮህ ሳያይ «2 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው» ብሎ የድምፁን ቅጥነት ይናገራል፣ ብዙ ጊዜም አይስትም። ልጅቷ በሚቀጥለው ወር ተመልሳ ትመጣለች፤ አለቃችን ያን ቀን እረፍት ሞልተዋል።