ለገና፦ ባልና ሚስት ሆናችሁ በማርሻል ደሴቶች ለማስተማር ለምታስቡ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

በማርሻል ደሴቶች ገና «ኩሪጅሞጅ» ይባላል። ቃሉ የእንግሊዝኛው «ክሪስማስ» ነው። በቋንቋቸው የ«ስ» ድምፅ ስለሌለ «ስ»ው ሁሉ «ጅ» ሆነ፤ መነሻው ላይ የተደራረቡት «ክ» እና «ር»ም በመካከላቸው «ኡ» ገባላቸው። «ፖስታ»ን «ቦስታ»፣ «ፖሊስ»ን «ቦሊስ» እያሉ ያሳደጉን ወላጆች ልጆች ስለሆንን ይህ ነገር ለእኛ ለመረዳት አይከብድም። የዘንድሮውን የበዓል መልእክት የምንጽፈው አብረው በበጎ ፈቃድ ለማስተማር ወደ ሩቅ ደሴት መሄድ ለሚያስቡ ባለትዳሮች ነው፤ ከዚችው ቃል የጀመርነውም አስቀድሞ ማወቅ ከሚገባው ነገር ብዙው በውስጧ ስላለ ነው። «ፊሽ»ን «ፒጅ» ብሎ የሚያነብ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ሰነፍ አይደለም። የ«ፍ»ም የ«ሽ»ም ድምፅ በአፍ መፍቻው የለም። በየቀኑ አሥር ደቂቃ በቂ ነው፦ አንድ መስታወት፣ ሁለት ቃላት፣ የላይ ጥርስ በታች ከንፈር ላይ። በንባብ መካከል እየደጋገማችሁ ካቋረጣችሁት ግን ከሳምንት በኋላ ጨርሶ አፉን አይከፍትላችሁም።

አገሩ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያሉ 29 አቶሎችና 5 ነጠላ ደሴቶች ነው። አቶል ኮራል የሚባል ደቃቅ የባሕር እንስሳ የገነባው የቀጫጭን ደሴቶች ቀለበት ሲሆን መካከሉ የረጋ የባሕር ውኃ ነው። የብሱ ሁሉ ቢደመር 181 ስኩዌር ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው ከባሕር ወለል በአማካይ 2 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ዋና ከተማው ማጁሮ በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ከማጁሮ ወደ ውጪዎቹ ደሴቶች የሚወስደው ትንሽ አውሮፕላን ወይም መርከብ ነው፤ ሁለቱም በተባለው ቀን ላይመጡ ይችላሉ። ስለዚህ መድኃኒት ሲያዝ ከሚያስፈልገው በላይ የሁለት ወር ትርፍ ይያዝ።

በአሜሪካ ያላችሁ፣ ወላጆቻችንን በ1950ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ያስተማሩትን መምህራን ወደ ኢትዮጵያ የላከውን የአሜሪካ የበጎ ፈቃድ ድርጅት፣ ፒስ ኮርን፣ ታውቁታላችሁ፤ ዜግነት ካገኛችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ባለትዳሮችን አብሮ ይቀበላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ለየብቻ ማመልከትና ለየብቻ ለሥራው ብቁ መሆን አለባቸው፤ ጊዜውም ከሥልጠናው ጋር 27 ወር ነው። የሚሠራባቸው የፓስፊክ አገሮች ከዘመን ዘመን ስለሚለዋወጡ አገሩን አስቀድሞ መርጦ ልብን ማሳረፍ አይበጅም። ወደ ማርሻል የሚሄድ ከመነሳቱ በፊት ቋንቋውን መጀመር ይችላል፦ በአሜሪካ አርካንሳ ግዛት ስፕሪንግዴል ከተማ ብዙ ሺህ ማርሻላውያን ይኖራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሁለት ሆኖ መሄድ ብቸኝነትን ያቀላል፤ ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል። ማታ ቤት ገብቶ በራስ ቋንቋ ማውራት ስለሚያረካ የጎረቤት ደጃፍ ይቀራል፣ ቋንቋው አይገባም፣ በስድስተኛው ወር ባልና ሚስቱ በደሴቲቱ ላይ ሌላ ደሴት ሆነው ይገኛሉ። ብቻውን የሄደ መምህር ቢርበው፣ ቢሰለቸው ከሰው ጋር ከመቀመጥ ውጪ ምርጫ የለውም። ባለትዳሮች ግን ይህን ግዴታ በገዛ እጃቸው መፍጠር አለባቸው። በሳምንት ሁለት ማታ ለየብቻ መውጣት፤ እሷ የፓንዳነስ ቅጠል ምንጣፍ ከሚሠሩት ሴቶች ጋር፣ እሱ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር። እራት ላይ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በማርሻልኛ ብቻ። ትምህርት ቤትም አንድ ክፍል ውስጥ አብራችሁ አትግቡ። አንዳችሁ የታችኞቹን ክፍሎች ንባብ ያዙ፤ ሌላችሁ 7ኛና 8ኛን። የ8ኛ ክፍል ፈተና ቀላል ነገር አይደለም፤ የሚያልፈው ልጅ ብዙ ጊዜ ደሴቱን ትቶ ጃሉይት ወይም ዎትጄ አቶል ያለ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል። ለቤተሰቡ ደስታም ስንብትም ነው።

አንድ ስሕተት ደግሞ በተለይ ከእኛ ባህል ለሚመጣ ያሰጋል፦ ባል ተነጋግሮ ጨረሰ ማለት። በማርሻል መሬት የሚወረሰው በእናት ወገን ነው። የመሬቱ ኃላፊ «አላፕ» ትባላለች ወይም ይባላል፤ ሴት ልትሆን ትችላለች። ከአውሮፕላን ወርዳችሁ በመጀመሪያው ቀን ሁለታችሁም ሄዳችሁ ሰላም በሏት፤ ውኃውም፣ የዳቦ ዛፉም፣ የባሕሩ ዳርቻም ያለ ፈቃድ አይነካም። ከተቀመጡ ሰዎች ፊት ስታልፉ ጎንበስ በሉ። ክፍል ውስጥ «ገባችሁ?» ስትሉ ዝም ቢሏችሁ ቅንድባቸውን ተመልከቱ፤ ከፍ ካለ «አዎ» ነው። የአገራችን ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። የካቲት መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ በፈረንጅ ማርች 1፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1954 በዚያች ቀን በቢኪኒ አቶል የፈነዳው ቦምብ አመድ የሮንጌላፕ አቶልን ሰዎች ያቃጠለበት መታሰቢያ ነው። አሜሪካ ከ1946 እስከ 1958 በቢኪኒና በኢኒዌታክ 67 የኑክሌር ሙከራዎች አድርጋለች። በተለይ ከአሜሪካ የሚመጣ መምህር ይህን ሳያውቅ ክፍል ውስጥ መቆም የለበትም።

ውኃ። ወንዝ የለም፤ የሚጠጣው ከጣሪያ የሚጠራቀም ዝናብ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ይሰጣል። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 400 ሊትር ነው፤ ከአምስት አንዱ በአሸንዳው ስንጥቅና በመርጨት ቢባክን 320 ይቀራል። ሁለት ሰው ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን 10 ሊትር ቢጠቀም የ32 ቀን ውኃ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው። ከድርቅ በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያው ዝናብ የወፍ ኩስና ጨው ስለሚያጥብ የመጀመሪያዎቹን 20 ሊትር ወደ ታንከሩ አታስገቡ። የታንከሩ ወንፊት ከተቀደደ የዴንጊ ትንኝ ይራባበታል። በሰከንድ አንዴ ጠብ የሚል ቧንቧም በቀን ከ4 ሊትር በላይ ይወስዳል። ውኃውን ቢያንስ ለ1 ደቂቃ አንተክትኩ፤ ማገዶ ካጠረ በሊትር 2 ጠብታ ሽታ የሌለው በረኪና (6 በመቶ የሆነውን) ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። የጉድጓዱ ውኃ ለመታጠቢያ ነው። ከጨው ውኃ በላይ የተንሳፈፈ ስስ ጨው አልባ ውኃ ስለሆነ በብዛት ከተቀዳ ጨዋማ ይሆናል። ሰሜኖቹ አቶሎች ከደቡቦቹ ይልቅ ደረቅ ናቸው፤ ስትመደቡ ይህን ጠይቁ።

ምግቡ ሩዝ፣ ዓሣ፣ ኮኮናትና የዳቦ ዛፍ ፍሬ ነው። ከፍሬው የሚሠራውን «ብዊሮ» ቆጮ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል፦ ተልጦ በባሕር ውኃ ይዘፈዘፋል፣ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀበራል፣ ይቦካል። ዓሣ ግን የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ አትብሉ። በአንዳንድ የኮራል ድንጋይ አካባቢ የሚገኝ ዓሣ ሲጉዋቴራ የሚባል መርዝ ይይዛል፤ መርዙ ቢጠበስም ቢቀቀልም አይጠፋም። ኮራል የቧጨረው ቁስልም ትንሽ ቢመስል በዚያኑ ሰዓት በሳሙናና ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይታጠብ።

ከኅዳር ጀምሮ ደግሞ የኩሪጅሞጅ ልምምድ ይጀመራል። መንደሩ «ጀፕታ» በሚባሉ ቡድኖች ተከፍሎ ማታ ማታ መዝሙርና ጭፈራ ያጠናል፤ በበዓሉ ቀን እያንዳንዱ ጀፕታ በተራው በቤተ ክርስቲያን ይቀርባል። ልጆቹ ጠዋት እንቅልፋቸውን ሳይጠግቡ ይመጣሉ። በዚህ ሰሞን ከባድ ፈተና የሚያወጣ መምህር የሚለካው ድካምን ነው። ፈተናውን በጥቅምት ጨርሱና ኅዳርን ለንባብ ተዉት፤ የመዝሙሩን ግጥም በሰሌዳ ላይ ጽፎ ማንበብ የሚያህል የማርሻልኛ ትምህርት የለም። እናንተም በተለያየ ጀፕታ ግቡ፣ አንድ ላይ አትመደቡ።

ያው በዓል እዚያ ዲሴምበር 25 ነው፤ የእኛው ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ትምህርት ቤት ሊከፈት ይቃረባል። ለዚያ ቀን ድፎ ዳቦ ይቻላል። 1 ኪሎ ዱቄት በወንፊት አበጥሩ (ነቀዝ አይጠፋም)፣ 10 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 15 ግራም ጨው፣ 650 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ። በዚያ ሙቀት ሊጡ በአንድ ሰዓት ኩፍ ይላል፤ ቤት እንደለመዳችሁት ብታቆዩት ይኮመጥጣል። ኮባ በሌለበት የሙዝ ቅጠል በእሳት ላይ አሳልፋችሁ አለስልሱና ጠቅልሉት፤ የጎረቤት የድንጋይ ምድጃ ሲሞቅ አብሮ ይገባል። በትንንሹ ቁረሱት፤ እንግዳ የተረፈውን ይዞ ወደ ቤቱ መሄድ እዚያ ወግ ነው። የመጀመሪያዋ ቁራሽ የአላፗ ናት።

መልካም ገና፤ በእነሱም ሰላምታ፣ ያኩዌ።