ካዝናውንማ ነቅዬዋለሁ

አልጋ ማንጠፍ የለመደ እጅ የትራስ ክብደት ይጠፋዋል ብላችሁ አታስቡ። በፈረቃ 14 ክፍል ይደርሰኝ ነበር። አሥረኛው ላይ ወገቤ የኔ አይደለም፤ እጄ ግን ብቻውን ይሠራል። የዚያን ቀንም የትራሱን ልብስ ሳብ ሳደርግ ሥሩ የሆነ ከባድ ነገር አንሶላው ላይ ተንሸራተተ።

ሽጉጥ ነው። ጥቁር፣ አጭር፣ ወዝ ያለው።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2022 ጥቅምት አካባቢ፣ አርሊንግተን ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል ነው። ስሙ ይቅር። አሜሪካ በዲቪ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮሃል። እኔ አልጮህኩም፤ ጥፋቴም የጀመረው እዚያ ላይ ነው። ያደግኩት ምሥራቅ ጎጃም፣ ምሰሶው ላይ ምንሽር የተሰቀለበት ቤት ውስጥ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጠመንጃውን ተቀብለን የምንሰቅለው እኛ ልጆች ነበርን። አባባ መጀመሪያ ተቀብሎ ጥይቱን ያወጣል፣ ከዚያ ይሰጠናል። የእንግዳ መሣሪያ ሜዳ ላይ ከተገኘ የሚያፍረው እንግዳው ሳይሆን ባለቤቱ ነው። ወንድሜ በኋላ ክላሽ ሲይዝ ደግሞ የጥይት ካዝና መንቀልና መግጠም ከእሱ ተማርኩ። ሰፈራችን ውስጥ ማን ምን እንደያዘ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ምንሽሩ የእገሌ፣ ክላሹ የእገሌ እየተባለ እንደ በሬ ይታወቃል።

እዚህም ሆቴል የሚያድረውን ሰው እንግዳ ነው የምንለው። እንግዳ መሣሪያውን ትቶ ወጥቷል። እኔ ደግሞ የቤት ልጅ ነኝ። በቃ፣ እንደዚህ ነው ያሰብኩት።

አነሳሁት። አፈ ሙዙን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ፈልጌ ፈልጌ ቁልፉን አገኘሁትና ካዝናውን ነቀልኩ። ሙሉ ነው። ካዝናውን የልብሴ ኪስ ውስጥ፣ ሽጉጡን ንጹሕ የትራስ ልብስ ውስጥ ከትቼ ጋሪዬ ላይ ከፎጣዎቹ በላይ አስቀመጥኩት። እንደ ዳቦ። ከዚያ በአሳንሰር ወደ ታች። አሳንሰሩ ውስጥ አንዲት እናት ከልጇ ጋር ነበረች። ልጁ ጋሪውን እያየ ሳቀልኝ። እኔም ሳቅኩለት። እስከ ዛሬ የሚያባንነኝ እሱ ነው።

ሥራ አስኪያጇ የትራሱን ልብስ ገልጣ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። «ካዝናውን ነቅዬዋለሁ» አልኳት፣ ኮራ ብዬ። አልሰማችኝም። በሬዲዮ የጥገናውን ሰውዬ ጠራች።

የጥገናው ሰው የዌስት ቨርጂኒያ ልጅ ነው። ገና ልጅ ሳለ ጀምሮ ከአባቱ ጋር አጋዘን ሲያድን ያደገ፣ እጁ እንደ አካፋ የሆነ ሰው። ሽጉጡን አነሳ፣ ጣቱን ከቃታው አርቆ አፈ ሙዙን ወደ ወለሉ አዘነበለ፣ ላዩን ወደ ኋላ ሳበው። አንዲት ጥይት ተፈናጥራ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። ቢጫ ናት። እየተንከባለለች ሄዳ የሥራ አስኪያጇ የቡና ስኒ ሥር ቆመች።

ጎርሷል፤ አንዲት ጥይት ለመተኮስ ተዘጋጅታ ውስጡ ገብታለች። ካዝናው ሲነቀል የጎረሰችው ጥይት አብራ አትወጣም። ያንን ሁሉ መንገድ፣ አሳንሰሩን ጨምሮ፣ ጋሪዬ ላይ የተኛው ሽጉጥ ለመተኮስ አንድ ጣት ብቻ ነበር የጎደለው።

ማንም አልተናገረም። የጥገናው ሰው ብቻ በጥርሱ መሃል ሰውዬውን ሰደበው። እኔን አይደለም፣ ሽጉጡንም አይደለም፤ ባለቤቱን ነው። ለእሱ ሽጉጥ መያዝ ምንም ነውር የለውም። ነውሩ አጉርሶ ትራስ ሥር ትቶ መውጣት ነው፤ ያውም ቁም ሳጥኑ ውስጥ ባለ ቁጥር ካዝና ቁጭ ብሎለት። (ይቺ ካዝና የምትባል ቃል ደግሞ፤ የጥይቱም ማኖሪያ የገንዘቡም ማኖሪያ እሷው።)

አብራኝ የምትሠራው ሳልቫዶራዊት ስትሰማ አማተበች። አገሯ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992 በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበር፤ እሷ የተወለደችው መሃሉ ላይ ነው። መሣሪያ ሲባል አደንም ክብርም ትዝ አይላትም። ሌሊት የሚንኳኳ በር ነው ትዝ የሚላት። ያንን ፎቅ ቀይሩልኝ ብላ ለመነች፤ ቀየሩላት። ያው የእሷም ክፍሎች ለእኔ ተጨመሩ።

ፖሊስ ይጠራል ብዬ ስጠብቅ አልተጠራም። ለምን እንደሆነ ያስረዳኝ ጋሼ ነው። ጋሼ ከሆቴሉ ወደ ኤርፖርት የሚመላለሰውን ሚኒባስ የሚነዳ፣ ድሮ ወታደር የነበረ፣ ሕግ ማንበብ የሚወድ ያገሬ ሰው ነው።

«ምን አጥፍቶ ነው የሚጠሩበት?» አለኝ። «ቨርጂኒያ የሌላውን ስቴት የመያዣ ፈቃድ ትቀበላለች። ሰውዬው ፈቃዱን ይዞ ነው ከቴኔሲ በመኪና የመጣው። ስብሰባው ግን ከወንዙ ማዶ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ዲሲ ያንን ፈቃድ አትቀበልም። ይዞ ድልድዩን ቢሻገር ወንጀለኛ ነው። ስለዚህ ጠዋት ትቶልሽ ሄደ።»

«ድልድዩን ብቻ?»

«ድልድዩን ብቻ። አየሽ አንቺ ልጅ፣ ዲሲ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1976 ጀምሮ ሽጉጥ ቤት ማስቀመጥ ራሱ ክልክል ነበር። ሄለር የሚባል የጥበቃ ሠራተኛ ከሰሳቸው። ቀን ሽጉጥ ታጥቆ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ይጠብቃል፤ ማታ ግን የራሱ ቤት ማስገባት አይችልም። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ፈረደለት። ቢሆንም ዛሬም ዲሲ ውስጥ ሳታስመዘግቢ ወንዝ ተሻግረሽ አትገቢም።»

መስኮቱ ጋ ሄጄ ፖቶማክ ወንዝን አየሁት። ማዶው ከኛ ወዲህ የተለየ አይመስልም። ያው ዛፍ፣ ያው መኪና። በአንዱ ዳር መብት የሆነ ነገር በሌላው ዳር እስር ቤት ያስገባል። ጋሼ ሌላም ነገር ነገረኝና ያ ነው ይበልጥ ያስደነገጠኝ። አንቺ በዲቪ ስለገባሽ ነው እንጂ፣ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በፌዴራል ሕግ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ መሣሪያ መያዝ ራሱ ክልክል ነው አለኝ። ሆቴሉ ውስጥ በእንዲህ ያለ ቪዛ ያለች ልጅ አውቅ ነበር። ያ ክፍል የእሷ ፈረቃ ላይ ቢውልስ?

ማታ ለንደን ያለችው እህቴ ጋ ደወልኩ። ልታጽናናኝ ነው ብዬ። እሷ ጮኸችብኝ።

«በእጅሽ ያዝሽው? እና ማንም አልታሰረም?»

እህቴ እንግሊዝ 16 ዓመት ስትኖር አንድም ቀን የግል ሰው ሽጉጥ አላየችም። የሰፈሯ ፖሊስ ራሱ የሚዞረው ያለ ሽጉጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ስኮትላንድ ደንብሌን በምትባል ከተማ አንድ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትና አስተማሪያቸውን ገደለ። በዓመቱ፣ በ1997፣ ሽጉጥ ከግለሰብ እጅ እንዲወጣ ሕግ ወጣ። ዛሬ እዚያ አገር ይዞ የተገኘ አዋቂ ሰው ቢያንስ አምስት ዓመት ይጠብቀዋል። «እዚህ ቢሆን ትራስ ሥር ሽጉጥ ተገኘ ሲባል ሆቴሉ በሙሉ ይለቀቅ ነበር» አለችኝ። እኔ ያለሁበት አገር ደግሞ በአንድ የታወቀ ጥናት ግምት ለ100 ሰው 120 መሣሪያ አለ። ከሰው ይበልጣል። ይህን ያነበብኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ሲቆጠር ግን እንደ ጎጃም አይታወቅም። ማን እንደያዘ አታውቂም። ከረባት ያሰረ፣ «ጉድ ሞርኒንግ» ብሎሽ የወጣ ሰውዬ ነው።

ሰውዬው በ12 ሰዓት ተመለሰ። የስልሳ ዓመት ሰው፣ ትሑት። ይቅርታ ጠየቀ፣ ፈረመ፣ ሽጉጡን በሚቆለፍ ሣጥን ተረከበ። ሆቴሉም ስለ «መጉላላቱ» የአንድ ቀን ቁርስ ጋበዘው። እኔ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ። የእንግዳ ንብረት በመንካት ይላል። ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ስለ ቁርሱ ሳስብ ትንሽ ያቃጥለኛል። ግን ደብዳቤው ላይ የተሳሳተ ነገር አልነበረም። መንካት አልነበረብኝም። ክፍሉን ዘግቼ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ መደወል ነበር። በሳምንቱ ሁላችንንም ሰብስበው ይህንኑ ነገሩን፤ ሥልጠናው ሩብ ሰዓት አልሞላም። ከዚያ በፊት ስለ ደም ጠብታ፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ትኋን ሠልጥነን ነበር። ስለ ሽጉጥ አንድም ቃል የነገረን አልነበረም። ይሄን ለሥራ አስኪያጇ ብነግራት መልካም ነበር፤ አልነገርኳትም።

እሑድ አባባ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም አወራሁለት። ካዝናውን ነቅዬ ጥይት ጎርሶ መገኘቱን ስነግረው ዝም አለ።

«የጎረሰውን ሳታዪ?»

«ካዝናውንማ ነቅዬዋለሁ፣ አባባ።»

«የኔን ስሰቅል ሁልጊዜ ከፍቼ የማሳያችሁ ለጨዋታ መሰለሽ?»

መልስ አልነበረኝም። ነገሩን ላስቀይር ብዬ እዚህ እንዴት እንደሚገዛ አወራሁለት። ሱቅ ተገብቶ ቅጽ ይሞላል፣ ስሙ ኮምፒውተር ውስጥ ይታያል፣ ወንጀል ከሌለበት ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይዞ ይወጣል።

«ማን ይመሰክርለታል?» አለኝ።

«ኮምፒውተሩ።»

«ሽማግሌ የለም?»

«የለም። ቨርጂኒያ ግን ትቆጣጠራለች፣ አባባ። የመያዣ ፈቃድ የሌለው ሰው በ30 ቀን ከአንድ ሽጉጥ በላይ መግዛት አይችልም፤ ከ2020 ወዲህ እንዲህ ነው።»

እንደገና ዝም አለ። አባባ ዕድሜውን ሙሉ የያዘው አንድ ምንሽር ነው። እሱንም የገዛው ሁለት በሬ ሽጦ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አዋጅ 1177 ሲወጣም ለእሱ ፈቃድ ሲል ወረዳ ሲመላለስ ከርሟል።

«በወር አንድ?» አለ በመጨረሻ። «ይኼ ሰውዬ ስንት በሬ አለው?»