4 ጊጋ ራም፣ 15 ታብ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብቶ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚመርጥ ሰው «ፕሮሰሰሩ ምንድን ነው?» ይላል፣ «ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል?» ይላል፤ ራሙን (የተከፈተው ሁሉ እየሠራ የሚቀመጥበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ግን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው ቤት ከገባ በኋላ ነው። 4 ጊጋ ናት። ከእሷም ላይ ዊንዶውስ 10 ገና ሲነሳ ግማሽ ያህሉን ይወስዳል። በቀረችው ላይ ብሮውዘሩ (የድረ ገጽ መክፈቻው) ክሮም ይከፈታል፦ ቴሌግራም ዌብ፣ ጂሜይል፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ሁለት ሦስት የዜና ገጽ። ትንሽ ቆይቶ ማውዙ መጎተት ይጀምራል፤ የሃርድ ዲስኩ መብራትም ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ ቦግ ብሎ ይቀራል። «ቫይረስ ገብቶበታል» ይባልና ፎርማት ይደረጋል። የተጠራቀመው ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ) እና ከጀርባ የሚነሳው ፕሮግራም ስለተጠረገ ለአንድ ሳምንት ቀለል ይለዋል። ከዚያ ያው ነው።

ብሮውዘር ራም ይበላል የሚባለው እውነት ነው፤ የሚበላው ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ትልቁ የራሳቸው የገጾቹ ሸክም ነው። ሌላው ለደህንነት የሚከፈል ዋጋ ነው። የቀረው ማንም ሳይለምን የተከመረ ኮተት ነው። በየቦታው የሚሰጠው «ብሮውዘር ማፍጠኛ» ምክር ብዙውን ጊዜ ኮተቱን ትቶ ደህንነቱን ይቆርጣል። ይህን መጻፍ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

አንድ ፎቶ እንውሰድ። የ12 ሜጋፒክስል የስልክ ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል ነው። ፋይሉ 3 ሜጋ ቢሆን ከፓኬጃችሁ ላይ የሚቀነሰውም ይቺው 3 ሜጋ ነች። ስክሪን ላይ እንዲታይ ግን በጄፔግ የታሸገው መፈታት አለበት፤ ሲፈታ እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ይይዛል። 4000 ሲባዛ በ3000 ሲባዛ በ4፣ 48 ሚሊዮን ባይት። 3 ሜጋ የነበረው ራም ላይ 48 ሜጋ ሆነ ማለት ነው። ብሮውዘሮቹም ሞኝ አይደሉም፤ ሲችሉ አሳንሰው ይፈቱታል፣ ከዓይን የራቀውን ይጥሉታል። እንዲያም ሆኖ የሱቁን ዕቃ በስልክ አንስቶ፣ ሳያሳንስ 40 ፎቶ በአንድ ገጽ የደረደረ ነጋዴ በደንበኛው ላፕቶፕ ላይ የሚጭነውን ሸክም ከዚህ ሂሳብ መገመት አያዳግትም።

ማለቂያ የሌላቸው ገጾችስ? ፌስቡክን ወደ ታች በሳባችሁት ቁጥር ፖስቱ፣ ቪዲዮው፣ ኮሜንቱ በላይ በላዩ ይጨመራል፤ ከላይ ያለፈው ግን ሙሉ በሙሉ አይራገፍም። ጠዋት ተከፍቶ እስከ ማታ ሳይታደስ የዋለ ታብ ከአዲሱ ብዙ እጥፍ ከብዶ ቢገኝ አይገርምም።

ወደ ደህንነቱ። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ ናቸው) ዋናው አዲስ ነገሩ ታቦቹን በተለያየ ፕሮሰስ (የራሱ ራም ይዞ ለብቻው በሚሄድ ሥራ) ማስኬዱ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ገጽ ሲሞት ብሮውዘሩን ይዞ ነበር የሚሞተው። በጥር 2018 ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር ቀዳዳ ይፋ ሆነ፤ አንድ ድረ ገጽ በዚያው ፕሮሰስ ውስጥ የተቀመጠ የሌላ ድረ ገጽ መረጃ ሊያነብ የሚችልበት መንገድ እንዳለ ታወቀ። ክሮም በዚያው ዓመት ከቁጥር 67 ጀምሮ እያንዳንዱን ሳይት በየራሱ ፕሮሰስ መለየት ጀመረ። ጉግል ራሱ በጊዜው የሰጠው ግምት ከ10 እስከ 13 በመቶ ተጨማሪ ሜሞሪ፣ ማለትም ራም፣ ይወስዳል የሚል ነበር። ሌላው ብሮውዘር ፋየርፎክስም በ2021 ፊሽን ብሎ በሰየመው ሥራ ተከተለ።

ይህን መለያየት የሚያጠፋ ትእዛዝ በየቪዲዮው ታገኛላችሁ። አታድርጉት። በተለይ ከዚራም ሆነ ሳቢያን ፎቶኮፒና ጽሕፈት ቤት ያላችሁ፦ በአንድ ኮምፒውተር፣ በአንድ ቀን፣ የአንዱ ደንበኛ ኢሜይል፣ የሌላው የፓስፖርት ማመልከቻ፣ የሦስተኛው የባንክ ገጽ ይከፈታል። እዚያ ላይ 10 በመቶ ራም ለማትረፍ አጥር ማፍረስ ኪሳራ ነው። የፋየርፎክስን የፕሮሰስ ቁጥር ቀንሱ የሚለው የድሮ ምክር ደግሞ ፊሽን ከመጣ ወዲህ የረባ ለውጥ አያመጣም።

ኮተቱ ላይ ታሪክ ራሱን ሲደግም ማየት ያዝናናል። ኔትስኬፕ በ1997 ብሮውዘሩን ከኢሜይሉ፣ ከገጽ መሥሪያው ጋር አንድ ላይ ጠቅልሎ ሸጠ። የሱ ወራሽ የሞዚላ ጥቅልም እንዲሁ ከበደ። ይህ ያስመረራቸው ጥቂት ሰዎች በ2002 ብሮውዘሩን ብቻ ነጥለው አወጡ፤ በኅዳር 2004 ፋየርፎክስ 1.0 ተባለ። ቀላል ነበር። ከዚያ ፋየርፎክስ ሲከብድ ክሮም ቀላሉ ሆኖ መጣ። ዛሬ ክሮም የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ፋየርፎክስ በ2015 ፖኬት የሚባል የጽሑፍ ማስቀመጫ ሳይጠየቅ ከተተ፤ በ2025 አገልግሎቱ ራሱ ተዘጋ። የማይክሮሶፍቱ ብሮውዘር ኤጅ ውስጥ የዋጋ ማወዳደሪያ ተጨመረ። ክሮም ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጥ የኤአይ ሞዴል አምጥቷል፤ ለሱ 22 ጊጋ ባዶ ቦታ ዲስኩ ላይ እንዲኖር ይጠየቃል። የ128 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል ለድሬ ልጅ አይነገርም።

ግን ፍርዱ ይስተካከል፦ ያልተጠራ ፊቸር ራም ላይ ብዙ ቦታ አይዝም። የማትነኩት ኮድ ዲስክ ላይ ይተኛል። ራሙን የሚጨርሰው ብሮውዘሩ ሲከፈት አብሮ የሚነሳውና ሲዘጋም የማይተኛው ነው። በክሮም «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም» የሚለው ጋ ክሮም ከተዘጋ በኋላ ከጀርባ መሥራቱን የሚፈቅድ ቁልፍ አለ፤ አጥፉት። ኤጅ ላይ «ስታርታፕ ቡስት» የሚባለውን፣ የጎን አሞሌውን፣ አዲስ ታብ ሲከፈት የሚመጣውን የዜና ክምር አጥፉ።

ከዚያ ማን ምን እንደያዘ እዩ። ክሮም ተከፍቶ ሳለ ሺፍትን ይዛችሁ ኢስኬፕን ስትጫኑ የብሮውዘሩ የራሱ ታስክ ማናጀር ይመጣል። ፋየርፎክስ ላይ ከሜኑው «ሞር ቱልስ» ውስጥ ታገኙታላችሁ። የሜሞሪውን ዓምድ ራስ ተጫኑት፤ ትልቁ ከላይ ይሰለፋል። «ሰብፍሬም» የሚል መስመር ካያችሁ ከሌላ ሳይት መጥቶ ገጹ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ነው፤ ባብዛኛው ማስታወቂያ። አንድ የዜና ገጽ እንዲህ ያለ አምስት ስድስት ተከታይ ይዞ ቢመጣ ታዲያ ጥፋቱ የክሮም ነው የዜናው? «ኤክስቴንሽን» የሚሉትን አንድ በአንድ ተመልከቱ፤ ከወር በላይ ያልተጠቀማችሁበት ይውጣ። የዋጋ ኩፖን፣ ሰዋስው አራሚ፣ ስክሪን መቅጃ የመሳሰሉት በእያንዳንዱ ታብ ውስጥ የራሳቸውን ኮድ ስለሚያስገቡ በዝርዝሩ ላይ ከሚታየው በላይ ይከብዳሉ።

አንድ ኤክስቴንሽን ግን ከሚበላው በላይ ይመልሳል፦ ማስታወቂያ ማገጃ። ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን ሙሉው ይሠራል። ክሮም የድሮውን የኤክስቴንሽን አሠራር ስላቆመ እዚያ የሚሠራው ላይት የተባለው ነው፤ ከሙሉው ያነሰ ቢሆንም ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ፓኬጅም ያተርፋል።

ፓኬጅ ካልን፣ ውጭ አገር የሚጻፈው ምክር የሚያልፈው ነገር እዚህ ጋ ነው። ክሮም ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ «ሜሞሪ ሴቨር» አለው፤ «ሴቲንግስ»፣ «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ይገኛል። የቆየ ታብ ከራም ላይ ይወርዳል፣ ስሙ ብቻ ከላይ ይቀራል። ስትመለሱበት እንደ አዲስ ይጫናል። ያልተገደበ ዋይፋይ ላለው ሰው ምንም አይደለም። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ግን ራም አትርፎ ሜጋ መክፈል ነው፤ ኔት ከተቋረጠ ደግሞ ግማሽ ያነበባችሁት ገጽ ጠፍቶ ኔት ሲጠፋ ክሮም የሚያሳየው ዳይነሰር ይጠብቃችኋል። ስለዚህ አብሩት፣ ግን «ሞደሬት» ላይ አድርጉት፤ ቀኑን ሙሉ የምትመላለሱባቸውን ሁለት ሦስት ሳይቶች ሁልጊዜ ንቁ ይሁኑ በሚለው ዝርዝር ውስጥ አስገቡ። በከፊል የተሞላ ፎርም፣ ድምፅ ያለው ታብ፣ በፒን የተያዘ ታብ እንደማይነካ የክሮም መመሪያ ይናገራል። ማንበብ የምትፈልጉትን ረጅም ጽሑፍ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ታቡን ዝጉት። ፋየርፎክስ ላይ ከ2025 ወዲህ ታቡን በቀኝ ክሊክ ነክቶ «አንሎድ ታብ» ማለት ይቻላል። የቱ ይውረድ የሚለውን የምትወስኑት እናንተ ስለሆናችሁ እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

መብራት ሄዶ ሲመጣም ልዩነት አለ። ፋየርፎክስ 15 ታብ ሲመልስ ያለበትን ብቻ ይጭናል፤ ሌሎቹ እስኪነኩ ይጠብቃሉ። ክሮም ከጀርባ ያሉትንም ተራ በተራ ይጭናቸዋል። በቀን ሁለቴ መብራት የሚሄድበት ሰፈር ይህች ነገር ዳታም ጊዜም ትቆጥባለች።

ካሽ (ብሮውዘሩ ደግሞ እንዳያወርድ ያስቀመጠው ፋይል) እና ሂስትሪ ማጽዳት ራም አያስለቅቅም፤ ካሹ በዋናነት ያለው ዲስክ ላይ ነው። ካጸዳችሁት ያንኑ ሎጎ፣ ያንኑ ፎንት እንደገና በገንዘባችሁ ታወርዳላችሁ። «ራም ክሊነር» የሚባሉት ደግሞ ይብሳሉ፦ በሥራ ላይ ያለውን ሜሞሪ ወደ ፔጅ ፋይል (ዊንዶውስ ዲስክ ላይ እንደ ራም ወደሚጠቀምበት ፋይል) ይገፉታል፣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሰው ይደሰታል፤ ታቡን ሲነኩት ግን ከሃርድ ዲስክ እየተቀዳ ይመለሳል።

ራም ሲጠብ ዊንዶውስ 10 መጀመሪያ ያለውን ይጨምቃል። መጨመቁ የፕሮሰሰር ሥራ ነው፤ ፕሮሰሰር ሲሠራ ይሞቃል። በሰኔ ከሰዓት ድሬ ላይ፣ በርጫ መሐል ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ የአየር መውጫው ተደፍኖ፣ ፋኑ አቧራ ጠጥቶ፣ ራሱን ለማትረፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያኔ ጥፋቱ ሁሉ በክሮም ይላከካል። ጣውላ ላይ ወይም ትሪ ላይ አስቀምጡት፤ ፋኑን በዓመት አንዴ አስጠርጉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አልሆን ካለ ራም መጨመር ነው። የዊንዶውሱን ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ «ፐርፎርማንስ»፣ ከዚያ «ሜሞሪ» በሉ፤ ከ2 ስሎት (የራም መሰኪያ) 1 ተይዟል ካለ ክፍት ቦታ አለ። ቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ላይ ግን ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ሊሆን ስለሚችል ከመግዛት በፊት አስከፍቶ ማየት ይሻላል። ዲዲአር3 የላፕቶፕ ራም 204 እግር፣ ዲዲአር4 260 እግር አለው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የሚያሳስተው በዲዲአር3 እና በዲዲአር3ኤል መካከል ያለው ነው፦ እኩል ይገባሉ፣ ግን የመጀመሪያው 1.5 ቮልት፣ ሁለተኛው 1.35 ቮልት ነው። የ4ኛ ትውልድ ኢንቴል ላፕቶፖች ባብዛኛው ባለ 1.35ቱን ብቻ ስለሚቀበሉ ሌላው ሲገባ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የድሮውን ራም አውጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሻጩ ትዝታ ይልቅ ተለጣፊው ላይ ያለው ጽሑፍ ይታመናል።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ቀርቷል። «ሲስተም ታይፕ» የሚለውን እዩ። 32 ቢት የሚል ከሆነ ዊንዶውሱ ከ4 ጊጋ በላይ አያይም፤ የጨመራችሁት እዚያው ተሰክቶ ሥራ ፈት ይቀመጣል። 64 ቢቱን መጫን ያስፈልጋል፤ ፎርማቱን ለዚያ ቀን አቆዩት።