ከእማዬ ጋር አልፕስ፦ መንደር እንዴት እንደመረጥን

"ዘንድሮ ለሰመር አልፕስ እንሂድ" ማለት ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው "የቱ አልፕስ?" ሲባል ነው። ሰንሰለቱ ከፈረንሳይ ይነሳና በስዊዘርላንድ፣ በጣሊያንና በኦስትሪያ አልፎ እስከ ስሎቬኒያ ይዘልቃል። በየሸለቆው መንደር አለ። የሁሉም የማስታወቂያ ፎቶ ደግሞ ያው ነው፤ የእንጨት ቤት፣ በረንዳው ላይ ቀይ አበባ፣ ከጀርባ በረዶ የለበሰ ጫፍ። ፎቶ አይቶ መምረጥ ዘበት ነው።

ስለዚህ ተራራውን ትተን ከራሳችን እግር ጀመርን። የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታለች። ሰባውን አልፋለች። ሜዳ ላይ ማንም አይቀድማትም፤ ቁልቁለት ላይ ግን ጉልበቷ እሺ አይላትም። ባለቤቴ ገደል ዳር ስትቆም ይዞርባታል። ትልቋ ልጃችን አሥራዎቹ ውስጥ ገብታለች፤ መንገዱ ካልከበደ አይጥማትም። ትንሹ ወንድሟ ገና ጫማው ሳይሞቅ "ደረስን?" ማለት ይጀምራል። እነዚህን ሁሉ አንድ መንደር ውስጥ ማስደሰት ነው ሥራው።

ሌላም ነገር አለ። የልጆቹ ዕረፍትና የእኔ ፈቃድ የገጠሙት ነሐሴ መግቢያ ላይ ነው። ነሐሴ መግቢያ ማለት ፍልሰታ ነው። እማዬ ደግሞ ፍልሰታን አትገድፍም። አልፕስ ውስጥ ያለ ምግብ ቤት ሁሉ የሚኖረው በአይብና በቅቤ ነው። ሾርባው ላይ ክሬም፣ ድንቹ ላይ አይብ፣ አይብ ላይ አይብ። ስለዚህ ቁርስና እራት ያለበት ሆቴል ከመጀመሪያው ወጣ። ማዕድ ቤት ያለው አፓርታማ መሆን አለበት። ሽሮና በርበሬ ከኛ።

ቪዛን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ እዚሁ ልናገር። እማዬ የመጣችው በጀርመን በተሰጠ የሸንገን ቪዛ ነው። ቪዛው ጊዜው እስካላለፈ ድረስ ኦስትሪያም፣ ጣሊያንም፣ ፈረንሳይም ያስገባል። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ናት። ፓስፖርቱን ይዞ መጓዝ ነው። ኢንሹራንሱ ግን ከተራራ ላይ በሄሊኮፕተር መውረድን ይሸፍን እንደሆነ ማየት ይበጃል። ሄሊኮፕተሩ ለኢንሹራንስ ካልሆነ በቀር ለኪስ የሚሆን አይደለም።

መጀመሪያ ያየነው ዘርማትን ነው። ማተርሆርንን የማያውቅ የለም። 4,478 ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1865 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ከወጡት ሰባት ሰዎች አራቱ ሲወርዱ ሞተዋል። መንደሩ መኪና አያስገባም። በባቡር እስከ 3,089 ሜትር ድረስ ወደ ጎርነርግራት ይወጣል፤ ባቡሩም ከ1898 ጀምሮ አለ። ሐይቆቹን እያዳረሱ የሚሄዱበት መንገድም ያምራል። ችግሩ ዋጋው ነው። ዘርማት ስሙን በደንብ ያስከፍላል፤ ማደሪያውም፣ ኬብል ካሩም፣ ቡናውም። ለአንድ ቤተሰብ ሲባዛ ያስደነግጣል።

ሻሞኒ ቀጥሎ ነበር፤ የሞንብላን እግር ሥር ያለው የፈረንሳይ ከተማ። ከተማ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። መኪናው፣ ሱቁ፣ ግርግሩ የከተማ ነው። ኬብል ካሩ ከ1,035 ሜትር አንስቶ ኤጊ ዱ ሚዲ ላይ 3,777 ሜትር ያደርስሃል። ለጠንካራ እግር ገነት ነው። ባለቤቴ ግን የኬብል ካሩን ቪዲዮ ገና ግማሹን ሳታይ ስልኩን ዘጋችው። ሻሞኒ በዚያው አለቀ።

ከኦስትሪያ ዜፌልድን ወደድኩት። ከኢንስብሩክ በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሜዳማ አምባ ነው። ኢንስብሩክ የክረምት ኦሎምፒክ ባዘጋጀባቸው እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1976 የረጅም ርቀት ስኪው የተካሄደው እዚያ ነው። መንገዱ ለእማዬ ጉልበት የተሠራ ይመስላል፤ ዋጋውም ከስዊዝ ይሻላል። እናቱን ወይም አባቱን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ካለ ሌላ አይፈልግ፤ ዜፌልድ ይሂድ። ትልቋ ልጃችን ግን ካርታውን አይታ "ይሄማ ፍራንክፈርት ፓርክ ውስጥ አለ" አለች።

ልቤ የቀረው ጣሊያን ነው። ዶሎሚቲ ተራሮች ውስጥ ኦርቲዜይ የምትባል መንደር አለች። ከመንደሯ በኬብል ካር ሲወጣ አልፔ ዲ ሲዩዚ ይገኛል፤ ሃምሳ ስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የተራራ ላይ ሜዳ። አውሮፓ ውስጥ በዚያ ከፍታ ይህን የሚያህል ግጦሽ የለም። ቀን ቀን የግል መኪና አይገባበትም። አካባቢው እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ድረስ የኦስትሪያ ስለነበር ጀርመንኛ ይነገራል፤ ጣሊያንኛም፣ ላዲን የሚባል የራሳቸው ቋንቋም አለ። ያስቀረን መንገዱ ብቻ ነው። ከፍራንክፈርት በሙኒክ፣ በብሬነር፣ በቦልዛኖ ዞሮ ከዚያ ደግሞ አውቶቡስ። ለእማዬ ይበዛል።

በመጨረሻ የወሰንነው ቬንገንን ነው። በርን ግዛት ውስጥ፣ ከላውተርብሩነን ሸለቆ በላይ ገደሉ ጫፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። ከፍራንክፈርት እስከ ኢንተርላከን ቀጥታ የሚሄድ ፈጣን ባቡር አለ። ከዚያ ትንሽ ባቡር እስከ ላውተርብሩነን፣ ከዚያ ደግሞ መሐሉ ጥርስ ያለው ሐዲድ ላይ እየነከሰ ዳገቱን የሚወጣ ባቡር። ቬንገን መኪና አይደርስም። ሻንጣ የሚጎትቱ በባትሪ የሚሄዱ ትናንሽ ጋሪዎች ብቻ ናቸው ያሉት።

ቬንገንን ያስመረጠኝ ግን ይህ አይደለም። ካርታውን ሳይ ባቡሩ በየቦታው ይቆማል። መንገደኛው ከሐዲዱ ብዙም አይርቅም። የደከመው ሰው አንድ ጣቢያ ላይ ተቀምጦ ባቡር ይጠብቃል፤ ያልደከመው ይቀጥላል። ማንም ማንንም አይጎትትም። ለተደባለቀ ቤተሰብ ከዚህ የበለጠ መስፈርት የለም፤ እኔ እንደዚያ ነው የማምነው። የተራራው ስም፣ የሆቴሉ ኮከብ፣ ሁሉም ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ቬንገን 1,274 ሜትር ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ያልፋል። እማዬ ይህን ስትሰማ "ታዲያ ወደ ላይ ነው ወደ ታች የወሰድከኝ?" አለችኝ። ከመንደሩ ኬብል ካር ተሳፍረን በጥቂት ደቂቃ ሜንሊሸን ደረስን፤ 2,230 ሜትር አካባቢ። ጀርመኖቹ ቆመው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ መሄድ ጀምራለች። "እንጦጦ ከዚህ አይበልጥም እንዴ?" ይበልጣል።

ከሜንሊሸን እስከ ክላይነ ሻይዴግ ባቡር ጣቢያ ያለው መንገድ አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሰፊ ጠጠር መንገድ ነው፤ ቀስ እያለ ይወርዳል እንጂ ቁልቁል አይጥልም። መነሳት ያለበት ከሜንሊሸን ነው፤ በተቃራኒው ከሄድክ ያው መንገድ ዳገት ይሆናል። በግራ የግሪንደልቫልድ ሸለቆ ወለል ብሎ ይታያል። ፊት ለፊት አይገር፣ ሜንኽና ዩንግፍራው የሚባሉት ሦስት ተራሮች ተደርድረዋል። ባለቤቴ የፈራችው ዓይነት ገደል የለም፤ ሣር ነው። ቢጫው ምልክት 1 ሰዓት ተኩል ይላል። የስዊዝ ምልክት ላይ ኪሎ ሜትር አይጻፍም፣ ሰዓት ነው። ሲሰላ ሜዳ ላይ በሰዓት 4.2 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ነው፤ ዕረፍትም አይቆጠርም። እኛ ከእጥፍ በላይ ፈጀብን፤ ምክንያቱ ግን ጉልበት አይደለም፣ ላም ነው።

እማዬ ያደገችው ደብረ ብርሃን ነው፤ ከብት ታውቃለች። ከሰኔ እስከ መስከረም ላሞቹ ተራራ ላይ ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ደወል አለ። አንዷ መንገድ ዳር ተኝታ ታመሰኳለች። እማዬ ጎንበስ ብላ ጡቷን አየች፣ ዞር ብላ ዳሌዋን አየች። "ይቺ ስንት ሊትር ትሰጣለች? ጠይቅልኝ" አለች። የሚጠየቅ እረኛ የለም። ትንሹ ልጄ ስልክ አውጥቶ ፈልጎ ሊነግራት ሲሞክር "እሱ ምን ያውቃል" ብላ ስልኩን ገፋችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። "ይሄን ሁሉ ወተት እያየሁ በጾም ነው ያመጣኸኝ!"

ጾሙን በሚመለከት የነፍስ አባቷን ከመነሳታችን በፊት ደውላ ጠይቃቸዋለች። መንገደኛ ነሽ፣ መድኃኒትም ትወስጃለሽ፣ ውኃ ጠጪ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ይበቃሻል ብለዋታል። ክላይነ ሻይዴግ ስንደርስ ሰዓቱ አልፏል። ልጆቹ ሮሽቲ አዘዙ፤ የተፈቀፈቀ ድንች በቅቤ ተጠብሶ ላዩ ላይ አይብ ቀልጦበት። እማዬ ከቦርሳዋ ዳቦና ቆሎ አወጣች። ቆሎውን አስተናጋጁም ቀመሰ። ባለቤቴ "እማማ፣ ከዚህ በባቡር ይውረዱ፣ እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ" አለቻት፤ እማዬም አልተከራከረችም። ጣቢያው ከጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነበር።

ለትልቋ ልጄ ሌላ ቀን ተያዘላት። ከአይገርግሌቸር ጣቢያ ተነስቶ እስከ አልፒግለን የሚወርድ መንገድ አለ፤ በአይገር ሰሜናዊ ግድግዳ ሥር ነው የሚያልፈው። ቢጫ ሳይሆን ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ የተቀባ ምልክት ነው ያለው። ትርጉሙ የተራራ መንገድ ነው፤ ጥሩ ጫማ ይጠይቃል። ሰባት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ግድግዳው አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሜትር ገደማ ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ሁለት ጀርመኖችና ሁለት ኦስትሪያውያን እስኪያልፉበት ድረስ ብዙ ሰው ቀጥፏል። በውስጡ ደግሞ ባቡር ያልፋል፤ ከ1912 ጀምሮ እስከ ዩንግፍራውዮኽ 3,454 ሜትር ድረስ የሚወጣው። ግድግዳው መሐል የድሮ ጣቢያ መስኮቶች አሉ። ልጄ የስልኳን ካሜራ እያቀረበች ድንጋዩን ስትፈትሽ አንገቷ ደነዘዘ። ማታ ደረጃ መውረድ ያቃተኝ ግን እኔ ነኝ።

ዩንግፍራውዮኽ ራሱ አልወጣንም። ሙሉ ዋጋው በሰመር ለአንድ ሰው ከ200 ፍራንክ ይበልጣል። ለጎብኚ የሚሸጠው የአንድ ወር የግማሽ ዋጋ ካርድ ይቀንሰዋል፤ ካርዱን ለትልልቆቹ ገዝተን ነበርና ለሌላው ባቡር በደንብ ጠቀመን። እማዬ ዋጋው ወደ ብር ሲመነዘር ሰማች። "በረዶ ለማየት?" ብላ ጠየቀች። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ዝናብ የመጣ ቀን ወደ ትሩመልባህ ወረድን። ተራራው ውስጥ የተደበቁ አሥር ፏፏቴዎች ናቸው። የሦስቱ ተራሮች የበረዶ ውኃ በዚያ ነው የሚወርደው፤ በሰከንድ እስከ 20,000 ሊትር ይደርሳል። ድንጋዩ ይንቀጠቀጣል፤ መነጋገር አይቻልም። እማዬ ፍንጣሪው ሲነካት አማተበች። ከነሐሴ ዝናብ ማምለጥ ስለማይቻል እንዲህ ያለ ነገር በአቅራቢያው የሌለው መንደር አይመረጥም። በጥሩ ቀንም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሊነሳ ስለሚችል በጠዋት መውጣት ነው። ትኬት ከመቁረጥ በፊት ደግሞ ጫፉ ላይ የተተከለውን ካሜራ በስልክ ማየት። መንደሩ ፀሐይ ሆኖ ላዩ ጉም የሆነባቸው ቀናት ነበሩ።

እማዬ ከሁሉ የወደደችው ማዶ ያለውን ነው። ከላውተርብሩነን በኬብል ካር ግሩችአልፕ ይወጣል፤ ከዚያ እስከ ሙረን ድረስ አፋፉን ይዞ የሚሄድ ደልዳላ መንገድ ነው። አጠገቡ ትንሽዬ ባቡር አለች፤ መሐል ላይ ቪንተርኤግ የሚባል ጣቢያ ላይ ትቆማለች። እዚያ ስንደርስ "ባቡሩን እንጠብቅ?" አልኳት። "ለምን?" ብላ አልፋኝ ሄደች። ትንሹ ልጄ ነው የተሳፈረው፤ ከናቱ ጋር።

ለሚቀጥለው ዓመት ያሰብነው ኦርቲዜይን ነው። መንገዱን ሙኒክ ላይ አድረን እንከፍለዋለን። እማዬ ቀኑን ራሷ ቆርጣለች፦ የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ከተፈታ በኋላ፣ ነሐሴ ሳይገባ። አይብ ትቀምሳለች፤ ረቡዕና ዓርብ ሲቀር።