ከመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ

ባለፈው ኅዳር አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ አንድ ትንሽ ጅረት ዳር ቆሜ ኮሆ የሚባል ዓይነት አንዲት የሳልሞን ዓሣ ስትዘል አየሁ። ጅረቱ በመኪና መንገድ ሥር በብረት ቱቦ ያልፋል። የቱቦው አፍ ከውኃው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። ትዘላለች፣ ብረቱ ይመልሳታል፣ ትወድቃለች። ትንሽ አረፍ ትልና ደግሞ ትዘላለች። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምኩ። አልሆነላትም። ዕንቁላሏን ልትጥል ከባሕር ድረስ የተወለደችበትን ውኃ በማሽተት እየለየች መጥታ፣ የቀራት መንገድ ከቱቦው ወዲያ ያለው ብቻ ነበር።

ስለ ሳልሞን ሲወራ ሁሌ የሚነሣው ግድብ ነው። ልክም ነው። እዚያው ዋሽንግተን ግዛት ባለው ኤልዋ ወንዝ ላይ በ1913 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተጠናቀቀው ግድብ ዓሣ የሚያልፍበት ምንም መንገድ አልነበረውም፤ ከባሕር 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለቆመ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ወንዝና ገባር ዘጋ። ሁለቱን የኤልዋ ግድቦች ማፍረስ በ2011 ተጀምሮ በ2014 አለቀ። ከኦሪገን ግዛት ወደ ካሊፎርኒያ በሚወርደው ክላማት ወንዝ ላይም አራት ግድቦች ፈርሰው በ2024 ሲያበቃ፣ እዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሳልሞን የፈረሱትን ግድቦች ሁሉ አልፎ ኦሪገን ውስጥ ታየ። ያን ዜና ሳነብ እንባዬ መጣ።

ግን ግድብ ይታያል። ቱቦ አይታይም። በየቀኑ በላዩ እንነዳለን። ጠባብ ስለሆነ ውኃውን ያፈጥነዋል፣ የፈጠነው ውኃ መውጫው ላይ መሬቱን እየቦረቦረ አፉን ያንጠለጥለዋል፣ በበጋ ደግሞ ውስጡ ያለው ውኃ የዓሣ ጀርባ እንኳ አይሸፍንም። የሚቸገሩት ትልልቆቹ ብቻ አይደሉም። የኮሆ ጫጩት ወደ ባሕር ከመውረዷ በፊት አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ጅረት ውስጥ ትኖራለች። በጎርፍ ጊዜ መሸሸጊያ፣ በሙቀት ጊዜ ቀዝቃዛ ውኃ ፍለጋ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ወደ ታች ትወርዳለች። እናቷ ሳታስበው የምታልፈው ትንሽ ከፍታ ለእሷ ግድግዳ ነው።

የዋሽንግተን ግዛት ነባር ነገዶች ይህን ፍርድ ቤት ወስደውታል። በ1850ዎቹ መሬታቸውን ሲሰጡ ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን በውል አስቀርተው ነበር። ዓሣው መድረስ ካልቻለ መብቱ ምን ይሠራል? ጥያቄያቸው ይኼው ነው። በ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች አራት ለአራት ስለተከፈሉ ለነገዶቹ የተሰጠው የበታች ፍርድ ቤት ውሳኔ ጸና፤ ግዛቲቱም ቱቦዎቿን የመቀየር ግዴታ አለባት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። አንዱ ቱቦ የግዛት፣ ቀጥሎ ያለው የአውራጃ፣ ሌላው የባቡር ሐዲድ፣ ከዚያ ደግሞ የአንድ ሰው ግቢ መግቢያ ነው። ላይኛው በብዙ ገንዘብ ተከፍቶ ታችኞቹ ሁለቱ ዝግ ከሆኑ ዓሣ አይደርስበትም። ዓሣው የሚያውቀው አንድ ውኃ ነው፤ ባለቤቶቹም ተፋሰሱን አንድ ላይ አይተው ከታች ወደ ላይ መሥራት አለባቸው።

መክፈት ብቻውንም አይበቃም። እናቲቱ በጅራቷ ጠጠር ቆፍራ ነው ዕንቁላሏን የምትቀብረው። ዕንቁላሉ የሚተነፍሰው በጠጠሩ መሐል ከሚያልፈው ውኃ ስለሆነ ጭቃ ከሸፈነው ይታፈናል። ድሮ ሰዎች ለዓሣው መንገድ የጠረጉ መስሏቸው የወደቁ ግንዶችን ከወንዝ አወጡ። አሁን መልሰን በእስካቫተር እያስገባን ነው፤ ግንድ ውኃውን ያዘገየዋል፣ ጥልቅ ኩሬ ያስቆፍረዋል፣ ጠጠሩን ይይዛል። አንድ ጓደኛዬ አይቶ «ወንዙን አቆሸሻችሁት እኮ» አለኝ። ለሳልሞን ግን ቤት ማለት ያ ዝብርቅርቅ ነው። ከመንገድ የሚወርደው ጎርፍም አለ፤ ኮሆን ዕንቁላል ሳትጥል በሰዓታት ውስጥ የሚገድለው ከመኪና ጎማ ብናኝ የሚመጣ ኬሚካል መሆኑ በ2020 ታውቋል። ጎርፉ ወንዝ ከመግባቱ በፊት በአፈርና በተክል ውስጥ ሲጣራ ዓሣዎቹ ይተርፋሉ። ስለዚህ መንገድ ሲቆፈር ማጣሪያውም አብሮ ቢሠራ እላለሁ።

ያ የብረት ቱቦ በዚህ በጋ ወጣ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት እዚያ የነበሩትን ዓሣዎች በመረብ ይዘን በባልዲ ወደ ሌላ ቦታ አዛወርን፤ ክንዴ ለሁለት ቀን ታመመ። አሁን ጅረቱ በሰፊ ድልድይ ሥር በራሱ ጠጠር ላይ ይፈስሳል። ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ግን የአንድ አዛውንት ግቢ መግቢያ ሥር ሌላ ቱቦ አለ። ሄጄ አነጋገርኳቸው። ዓሣ እንደሚከለክል አያውቁም ነበር። ኅዳር ላይ ዝናቡ ሲጀምር አብረን ቆመን ልናይ ተቀጣጥረናል።