ከቂሳርያ እስከ ማዓጋን ሚካኤል፣ የኅዳር ወፎቼ

እሁድ

ዝናቡ ትናንት ማታ መጣ። በጥቅምትም አንድ ሁለቴ ጠብ ጠብ ብሎ ነበር ግን ያኛው አቧራውን እንኳን አላረጠበም፣ የትናንቱ የፋብሪካውን ቆርቆሮ ሲደበድበው ነው ያደረው፣ ማሽኑ እየሠራ እንኳን ይሰማኝ ነበር። ጠዋት ከሌሊት ሽፍት ስንወጣ ሰው ሁሉ ጃኬቱን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ መኪናው ይሮጣል፣ እኔ ሳይክሌን ወደ ባሕሩ አዞርኩ። «ዛሬም ወፍ?» አለኝ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ። ዛሬማ በተለይ!

መንገዴ ሁሌም አንድ ነው። እስራኤል ውስጥ ካለችው ከኦር አኪቫ ከተማ ወጥቼ ሮማውያን የሠሩት የውሃ ቦይ ካለበት ከቂሳርያ ባሕር ዳርቻ እጀምራለሁ፣ የሐዴራ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ጭስ ማውጫዎች ከኋላዬ በስተደቡብ ይቀራሉ፣ ሳይክሉን አሸዋው ላይ እየገፋሁ ወደ ሰሜን፣ የጂስር አል ዛርቃን ዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች አልፌ፣ የታኒኒም ወንዝ ባሕር የሚገባበት ጋ ደርሼ፣ ጉልበትም ጊዜም ካለኝ ተሻግሬ እስከ ማዓጋን ሚካኤል ኪቡጽ (ሰው በጋራ የሚኖርበትና የሚሠራበት መንደር) የዓሣ ኩሬዎች ድረስ። ሌላ ቦታ አልሄድም። ትልልቅ ካሜራ የያዙት ሰዎች አንድ ብርቅ ወፍ ታየ ሲባል ኤይላት ድረስ ይነዳሉ፣ እኔ መኪናም የለኝም፣ ቢኖረኝም የምሄድ አይመስለኝም። ይቺኑ ቁራጭ ዳርቻ ሳያት ነው ወቅቱ ሲቀየር የሚገባኝ።

ከዝናብ ማግስት ሣሩ ላይ ነጭና ጥቁሯ፣ በዕብራይስጥ ናሃሊኤሊ የምትባለው ወፍ ተበትናለች፣ ያቺ ስትራመድ ጅራቷን የምትነቀንቀው። እዚህ አገር ወፍ የማያውቅ ሰው እንኳን እሷን ያውቃል፣ እሷ ከታየች ክረምት ገባ ነው። ክረምት ስል የነሱን ነው፤ በኛ አገር በኅዳር ዝናቡ ካበቃ ቆይቶ ሰው አጨዳ ላይ ነው፣ እዚህ ገና መጀመሩ። ይሄን ያህል ዓመት ኖሬም ሰውነቴ አልለመደውም መሰለኝ፣ ኅዳር ላይ ሲዘንብ እህሉ ሊበላሽ ነው ብዬ እደነግጣለሁ፣ ምን እህል እንዳለኝ እንጃ።

ወንዙ አፍ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1898 የጀርመኑ ንጉሥ ሊመጣ ነው ተብሎ የተሠራው የፈረሰ ድልድይ አለ። ድንጋዩ ላይ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ነበር፣ ጣና ዳር ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ያው እሱ ራሱ። እንደ ሌሎቹ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ብቻ አይጠብቅም፣ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ክንፉን ያርገበግባል፣ ጭንቅላቱ ግን ንቅንቅ አይልም፣ ከዛ ቁልቁል ጥልቅ። ዓሣውን ይዞ መጥቶ ድንጋዩ ላይ በግራ በቀኝ ቀጠቀጠው፣ ዓሣው ፀጥ ሲል በመንቁሩ እያገላበጠ ጭንቅላቱን ወደ ጉሮሮው አዞረና ዋጠው። በጭራው በኩል ቢውጠው ክንፉና ቅርፊቱ ይቧጥጠዋል። ይሄ ወፍ የትም አይሄድም፣ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው።

ሰኞ

ነፋስ። አሸዋው ፊት ይገርፋል። ሻሃፎቹ፣ ማለትም ነጫጮቹ የባሕር ወፎች፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ባይኖኩላሬ ጨው በጨው ሆነብኝ።

አንድ ነገር ግን ላስቀምጥ። የመኪና ጎማ ያለፈበት አሸዋ ላይ ትንንሽ የዳርቻ ወፎች ነበሩ፣ ቀለማቸው አሸዋ ስለሆነ ካልተንቀሳቀሱ አይታዩም። እያንዳንዷ አንድ አንድ ጉድጓድ ይዛ ተቀምጣለች፣ ግማሾቹ በጎማው መስመር፣ ግማሾቹ በሰው ኮቴ ውስጥ፣ ነፋሱ በላያቸው ላይ እንዲያልፍ። አንዷ ያለችው የኔ በሚመስል የጫማ ምልክት ውስጥ ነው (ቁጥር 43፣ ተረከዙ የተበላ)። አስፋልቱ ጋ ዞሬ ተመለስኩ እንዳላስነሳቸው።

ማክሰኞ

ዛሬ ፔሊካን። ወደ ሁለት መቶ ይሆናሉ፣ ቁጥሩ ላይ አልምልም፣ ምክንያቱም ሲዞሩ አንዴ ነጭ ሆነው ይታያሉ ሌላ ጊዜ ሰማዩ ውስጥ ይጠፋሉ። ከኩሬዎቹ በላይ ነበሩ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በኛ አቆጣጠር። ቀድመው አይነሱም። አንዱ አሥር ኪሎ ሊሆን ይችላል፣ ይሄን ሥጋ በክንፍ ምት ብቻ እስከ ሱዳን ማድረስ አይቻልም፣ ስለዚህ ፀሐይ መሬቱን አሙቃ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ እስኪነሳ ይጠብቃሉ፣ ከዛ ክንፋቸውን ዘርግተው እየዞሩ እየዞሩ ይወጣሉ፣ ጫፍ ሲደርሱ ወደ ደቡብ ይንሸራተታሉ፣ እንደገና ይዞራሉ። ባሕሩ ላይ እንዲህ ዓይነት አየር የለም። ለዛ ነው ሜዲትራኒያንን አቋርጠው የማይመጡት፣ ዳሩን ይዘው በኛ ራስ ላይ የሚያልፉት። ሽመላውም ንስሩም በዚሁ ምክንያት ነው በዚች ጠባብ አገር ላይ የሚተፋፈገው።

አብዛኞቹ ከዳኑብ ወንዝ አፍ፣ ከሮማኒያ አካባቢ የመጡ ናቸው። ከዚህ በኋላ በረሃ ስለሆነ እዚህ መብላት አለባቸው፣ ዓሣ ያለው ደግሞ የኪቡጾቹ ኩሬ ውስጥ ነው፣ ዓሣው ደግሞ ባለቤት አለው። ጠቡ እዚህ ጋ ነው። ኩሬዎቹ አጠገብ የሚያስደነግጥ ተኩስ ስትሰሙ ጦርነት እንዳይመስላችሁ (እዚህ አገር ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው)፣ ወፍ ማባረሪያ ነው። አሁን ግን መንግሥት ከኛ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ኤሜክ ሄፈር ውስጥ ሚሽማር ሃሻሮን የሚባል ቦታ ያለ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ርካሽ ዓሣ ገዝቶ ያስገባላቸዋል፣ እዛ በልተው እንዲሄዱ። አንዳንድ ሰው ለወፍ ግብር ከፈልን ብሎ ያማርራል። እኔ ከስንቱ የግብሬ መሄጃ ይሄኛው ይሻለኛል።

ማታ የወፍ ተመልካቾቹ ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ አንዱ «ፔሊካን ዘንድሮ አበቃ፣ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው» ብሎ ለጠፈ። በምን አወቀ? እስቲ አስቡት፣ አንድ ወፍ ሲመጣ ታውቃለህ። ናሃሊኤሊዋን መጀመሪያ ያየሁበትን ቀን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ትናንት አልነበረችም ዛሬ አለች፣ አለቀ። መሄድ ግን እንደዛ አይደለም። የመጨረሻዋን ስታያት የመጨረሻ መሆኗን የሚነግርህ የለም፣ ያው እንደሌላው ቀን ታያትና ታልፋለህ፣ ከሳምንት ከአስር ቀን በኋላ «ቆይ እነዛ የት ገቡ?» ትላለህ። ከዛ ደብተሩን ወደ ኋላ ትገልጥና አንድ ተራ ቀን፣ ምንም ያልጻፍክበት፣ እሱ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሽመላው በነሐሴና በመስከረም በብዙ መቶ ሺህ አልፏል። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት መቼ ነው? አላውቀውም።

ረቡዕ

ማዓጋን ሚካኤል፣ የርግብ ደሴት ከምትባለዋ ትንሽዬ ደሴት ፊት ለፊት ያለው አሸዋ ላይ። ሻሃፍ ዘንድሮ በጣም ገብቷል። ትንንሾቹ በጋ ላይ ጥቁር ቡናማ ጭንቅላት የነበራቸው ናቸው፣ አሁን ራሳቸው ነጭ ሆኖ ከዓይናቸው ኋላ አንድ ጥቁር ነጥብ ብቻ ቀርታለች። ትልልቆቹ ውስጥ የአርመን ሻሃፍ አለ፣ ሴቫን ሐይቅ ላይ ይፈለፈልና ክረምቱን እኛ ጋ ያሳልፋል። እነሱን ከሌላው መለየት ራስ ምታት ነው፣ ወጣቶቹማ ሁሉም አንድ ዓይነት ቡኒ።

መካከላቸው አንድ ጀርባው ጥቁር የሆነ ቆሟል። እግሩ ላይ ቀለበት ያለው መሰለኝ፣ ፊደልና ቁጥር የተጻፈበት ፕላስቲክ። ግን በአንድ እግሩ ነው የቆመው፣ ቀለበት ያለበትን እግር ሆዱ ውስጥ ሰብስቦታል! እኔም ሆዴ አሸዋ ላይ ተኝቼ ጠበቅኩ። ክንፉን አፍታታ፣ እግሩን አላወረደም። አጠገቡ ያለው በመንቁሩ ወጋ አደረገው፣ በአንድ እግሩ ዘለል ዘለል ብሎ ራቅ አለ፣ አሁንም አላወረደም። ሸሚዜ ውስጥ ውሃ ገባ። በስተመጨረሻ አንድ ውሻ ከኪቡጹ በኩል እየሮጠ መጣ፣ ሁሉም ብድግ አሉ፣ ተረገምክ ልለው ስል ያ ሻሃፍ ትንሽ በረረና ውሃው ዳር በሁለት እግሩ አረፈ። ሦስቱንም ምልክት አነበብኩ።

እነዚህ ጥቁር ጀርባዎቹ ከፊንላንድ አካባቢ ተነስተው እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች ነው የሚወርዱት፣ ግማሾቹ ቪክቶሪያ ድረስ። ያነበብኩትን ምልክት ቀለበቱን ላስገቡት ሰዎች በኢሜይል ልኬላቸዋለሁ፣ እስካሁን መልስ የለም።

ስመለስ የጂስር ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረቡን እየለየ ነበር። ግራጫዋ ረጅም እግር ወፍ እንደወትሮው ጀልባው አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች፣ ትንንሹን ዓሣ ይወረውርላታል። ሲስቅ «እሷ ካልመጣች ዓሣ አልያዝኩም ማለት ነው» ይላል። ባሕሩን በ2021 የካቲት ወር ያ ሬንጅ የሞላው ጊዜ እሱም እሷም ሥራ ፈተው እንደነበር ነገረኝ። ያኔ ጓንት አድርገን ከአሸዋው ላይ ሬንጅ ስንለቅም አስታውሳለሁ፣ ጫማዬን ከዛ በኋላ ጣልኩት።

ሐሙስ

ዛሬ ባሕር የለም፣ ሲግድ ነው፣ የኛ የቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል። ከሌሊቱ ጀምሮ በአውቶቡስ ወደ ኢየሩሳሌም። እማዬ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጾም ላይ ሆና ከሁላችን ቀድማ በር ላይ ቆማለች። አርሞን ሃነጺቭ ኮረብታ ላይ ሕዝቡ ሙሉ ነው፣ ቄሶቹ ዣንጥላቸው ስር፣ ወጣቱ ከኋላ ሴልፊ ላይ። ባይኖኩላሩን ቤት ትቼው ነበር፣ ዓይኔን ግን መተው አይቻልም፣ ጸሎቱ መሃል ሁለቴ ሰማይ አየሁና እማዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

ከሰዓት በኋላ ጾሙ ተፈትቶ ዳቦውን እየበላን የፔሊካኑን ነገር ነገርኳት፣ መምጣት ይታያል መሄድ አይታይም ያልኩትን። እሷ ደምቢያ ላይ ልጅ ሆና ሽመላ ሲያልፍ ተሯሩጠው ወጥተው ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቁት ነበር፣ ይሄን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ግን ያልሰማሁትን ጨመረች።

«ሲመጣ ሁሉም ያየዋል። ሲሄድ ማን አየው? አንድ ቀን ስትወጣ ሜዳው ባዶ ነው።» ዳቦዋን ቆርሳ ትንሽ ዝም አለችና «ወንድሜም እንደዛው ነው» አለች።

አጎቴ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1984 ቤተሰቡን ይዞ በሱዳን በኩል የወጣው ሌሊት ነው። ለማንም አልተነገረም፣ ለእህት እንኳን፣ ወሬው ከወጣ የሚያዝ ሰው ስለነበረ። ማታ እኛ ቤት እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ሽሮ በልቶ፣ ስለ በሬ ምናምን አውርቶ ነው የሄደው። ጠዋት ስትሄድ በሩ በገመድ ታስሯል፣ ዶሮዎቹ ግቢው ውስጥ አሉ። እማዬ የምትለው «ደህና እደር እንኳን በደንብ አላልኩትም፣ ልጅ እያለቀሰብኝ ነበር» ነው። ልጁ እኔ መሆን አለብኝ። በ1991 እኛም ስንመጣ አጎቴን እዚህ አገኘነው፣ ስለዚያች ሌሊት ግን ሁለቱም ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም፣ ሁልጊዜ የሚያወሩት ስለ በሬው ነው።

አርብ

ሻባት ሳይገባ ቶሎ ቶሎ። ከቦይው እስከ ወንዙ ብቻ ነው የሄድኩት። ነጫጮቹ የአሸዋ ሯጮች ከሠላሳ ይበልጣሉ፣ ማዕበሉ ሲሸሽ ተከትለውት ይሮጣሉ፣ መንቁራቸውን ሦስት አራቴ ይሰኩና ሲመለስ እግራቸው ሳይረጥብ ያመልጣሉ፣ ከሰሜን ዋልታ አካባቢ ድረስ መጥተው ሥራቸው ይሄ ነው። ወንዙ ላይ አንድ ወጣት ፍላሚንጎ፣ ገና ግራጫ፣ ሮዝ የሚባል ነገር አልያዘም፣ ብቻውን። ሲክሳክ የሚባሉት ጯሂ ወፎች ሲጮሁበት ነበር። ሲክሳክ በሁሉም ነገር ላይ ይጮኻል፣ በኔም ላይ። አዞዎቹ ቢኖሩም ይጮሁባቸው ነበር፣ ይሄ ወንዝ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዞ ነበረው፣ አሁን ስሙ ብቻ ነው የቀረው፣ ታኒኒም በዕብራይስጥ አዞዎች ማለት ነው።

ሰባት ፔሊካን አለፉ። ግሩፑ ላይ አልጻፍኩም፣ ነገር ፈላጊ ይመስላል።

ከፊንላንድ መልስ መጣ፣ አጭር ናት፤ በጫጩትነቱ ቀለበት የገባበት፣ እዚህ ከመታየቱ በፊት ሌላ ቦታ ታይቶ የማያውቅ። የሚያነበው ሰው ከተገኘ ቀጣዩ መስመር ምናልባት ከኬንያ ወይ ከኡጋንዳ ይገባል። ቅዳሜ ማታ ሽፍት አለብኝ፣ እሁድ ጠዋት ነፋሱ ከቀነሰ ከኩሬዎቹ ነው የምጀምረው፣ በሌላ አቅጣጫ፣ አጎቴም እመጣለሁ ብሏል፣ ጫማ ግን እንዲያደርግ ነግሬዋለሁ፣ ባለፈው በነጠላ ጫማ መጥቶ ግማሽ መንገድ ላይ ነው የተመለስነው።