ሬሳው ተነሣ

በተውኔቱ ውስጥ የእኔ ድርሻ መሞት ነው። በመጀመሪያው ገቢር ጥቂት አስላለሁ፤ የቤቱን ካርታ የት እንዳስቀመጥሁት ልናገር አፌን ስከፍት ነፍሴ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የልጆቼ ጠብ ነው። እኔ መድረኩ መሀል፣ አልጋ ላይ፣ ጋቢ ለብሼ እጋደማለሁ፤ እነሱ ከራስጌዬ ቆመው ካርታውን ይፈልጋሉ። አዘጋጃችን ድርሻውን ሲሰጠኝ «ያንተ ሥራ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው» ብሎኝ ነበር። ትዕግሥቱን የለካው ግን በሐረር አየር ነው።

እሱ የሐረር ልጅ ነው፤ ልምምዳችንም እዚያው፣ ከጁገል ግንብ ውጭ በተከራየናት ክፍል ውስጥ ነበር። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ከመሸ በኋላ ጋቢ ይናፍቃል። እንዲያውም በልምምድ ላይ ሬሳው አንኮራፋ ተብሎ ተወቅሷል። ተውኔቱን ልናሳይ የሄድንባት ድሬዳዋ ግን የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደው የሚደርሱባት፣ ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሚያዝያ ወር ድሬዳዋ ውስጥ ጋቢ የሚለብስ ሰው ቢኖር በእርግጥም ሬሳ መሆን አለበት። ሕያው የሆነው ሕዝብ ከቀትር በኋላ ሱቁን ዘግቶ፣ ሽርጡን አገልድሞ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል።

ያገኘነው አዳራሽ ከዚራ ውስጥ ነው። ከዚራ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ አብሮት የተቆረቆረ ሰፈር ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ በረድፍ የተተከለ፣ ሁሉ ነገር በማስመሪያ የተለካ። አዳራሹ ግን ማስመሪያ የሚባል ነገር አያውቅም። በሥራ ቀን ስብሰባና ሥልጠና፣ ቀጥሎ ባዛር፣ ቅዳሜ ማታ ተውኔት፣ እሑድ ሰርግ ይስተናገድበታል። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ክፍል ደግሞ ኳስ ማሳያ ነው። ግድግዳ አልኩት እንጂ ኮምፔንሳቶ ነው።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዕቃችንን ጭነን ስንደርስ መድረኩ በነጭና በወርቃማ ጨርቅ ተሸፍኗል። የሙሽሮች ዙፋን ቆሟል። ከዙፋኑ በላይ በልብ ቅርጽ የተሰካካ የፊኛ መዓት፣ ከፊኛው በላይ ደግሞ በሚያብረቀርቅ ፊደል «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ዳግማይ ትንሣኤ አልፎ የሰርጉ ወራት ስለገባ በነጋታው እሑድ ሰርግ አለ፤ አስጌጦቹ ደግሞ እሑድ ጠዋት ሌላ አዳራሽ ስላለባቸው ሥራቸውን ቅዳሜውኑ ጨርሰዋል።

አዘጋጁ ለአዳራሹ ኃላፊ ስልክ ደወለ። መልሱ አጭር ነበር፦ ጨርቁ አይነካ፣ ዙፋኑ አይነካ፣ ፊኛው አይነካ፤ የቀረው የእናንተ ነው። የቀረው ወለሉ ነበር።

«ጋሼ፣ የለቅሶ ተውኔት እኮ ነው ይዘን የመጣነው!» አለ አዘጋጃችን፣ ወደ ሽማግሌው የአዳራሽ ጠባቂ ዞሮ።

«ታዲያ ምን አለበት ልጄ?» አሉት ጋሼ ሳይደናገጡ። «እዚህ አገር ኪነ ጥበብ ከሰርግ ተለይቶ ያውቃል? አፍረን ቀሎዎች እዚሁ ድሬዳዋ ሲጀምሩ በየሰርጉ አልነበረም እንዴ የሚዘፍኑት? አሊ ቢራ ከዚያ አይደለም የወጣው? እናንተም ሥሩ።»

የጠባቂው ክርክር ከኃላፊው ይልቅ ያሳመነ ነበር። ዙፋኑን በጥቁር ነጠላ ሸፈንነው፤ ከተሸፈነ በኋላ ሁለት ሰዎች ተጎንብሰው የሚያለቅሱ መሰለ። ፊኛውና ጽሑፉ ከፍ ብለው ስለተሰቀሉ የሚሸፍናቸው ነጠላ አልተገኘም። አልጋዬ በትክክል ከሥራቸው ተዘረጋ።

ሌላም ችግር ነበር። አስጌጦቹ ከጣሪያው ላይ ጨርቅ ዘርግተው አውርደዋል፤ ማራገቢያው ቢዞር ይጠቀልለዋል ተብሎ ጠፍቷል። ስለዚህ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ መጋረጃው ሲከፈት እኔ በወፍራም ጋቢ፣ በመብራት ሥር፣ ያለ ማራገቢያ፣ በድሬዳዋ ሞትሁ። የሞትሁትም ከልቤ ነበር።

አዳራሹ ሞልቷል። የድሬዳዋ ታዳሚ ከተዋናዩ ጋር ይኖራል፤ ክፉው ልጅ ሲገባ ይገስጸዋል፣ የዋሁን ይመክረዋል። የእኔን ሞት አይተው ፊት ወንበር ላይ የነበሩ እናት ከንፈራቸውን ሲመጡ በጆሮዬ ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ ሬሳ ሆኖ ደስ ማለት ፊት ላይ እንዳይታይ ማድረግ ግን ቀላል አይደለም።

ሚስቴ ሆና የምትጫወተው ልጅ ጎበዝ ናት። ደረቷን እየደቃች ወደ አልጋው ተጠጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከእንግዲህ ለእኔ ማን አለኝ?» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መሀል ከኮምፔንሳቶው ወዲያ አንድ መቶ ጉሮሮ የሚሆን ድምፅ በአንድነት «ጎል!» ብሎ ጮኸ።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የቅዳሜ ማታ ጨዋታ እኛ በጀመርንበት ሰዓት አካባቢ እንደሚጀምር ከእኛ መካከል የኳስ ፍቅር የሌለው አዘጋጁ ብቻ አያውቅም ነበር። ሚስቴ ግን አልተረበሸችም፤ ለቅሶዋን ቀጠለች። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ስንት ለስንት?» ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው ነገረው። ትልቁ ልጄ ወደ ፊት ወጥቶ «ይህ ቤት በሕግም በፈጣሪም ፊት የእኔ ነው!» ሲል ደግሞ ከወዲያ ማዶ ረጅም የሐዘን «ኧረ!» ተሰማ። በቪዲዮ የሚዳኘው ቫር ጎሉን ሽሮታል። ታዳሚው ፈጣሪ የፈረደ ስለመሰለው አጨበጨበ።

እስከዚህ ድረስ ችያለሁ። ላቡ ከግንባሬ ተነሥቶ በጆሮዬ በኩል እየወረደ ትራሱን አርሶታል፤ ግን ዓይኔን አልገለጥሁም። የመድረኩ መብራት ግን እኔን ብቻ አልነበረም የሚያግለኝ። ፊኛዎቹም አየራቸው እየተነፋፋ መጥቶ ኖሯል። ትንሹ ልጄ ተንበርክኮ እጄን ይዞ «አባዬ፣ አንዴ ብቻ ብታናግረኝ» ሲል ከአናቴ በላይ ያለው ትልቁ ፊኛ ፈነዳ።

ጥይት መስሎኛል። ብድግ ብዬ አልጋው ላይ ተቀመጥሁ።

ልጄ እጄን እንደያዘ ደንዝዞ ቀረ። ሚስቴ አፏን በነጠላ ያዘች። ታዳሚው ለቅጽበት ትንፋሹን ዋጠና ከዚያ አንድ ድምፅ ተሰማ፦ «ውሃ! ኧረ ውሃ ስጡት!» ፊት ወንበር ላይ የነበሩት እናት ናቸው። ማንም ሳያግዳቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ደረጃውን ወጡ፤ ቀዝቃዛ የታሸገ ውሃ ከቦርሳቸው አውጥተው ከፈቱልኝ። «ጠጣ የኔ ልጅ፣ ገደሉህ እኮ በዚህ ጋቢ» አሉ። ጋቢውንም ገፈፉልኝ። ከኋላ አንዱ «አቦ፣ ተውት ይተንፍስ!» ሲል ጨመረበት። እኔም ጠጣሁ። እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጣሁ።

ትልቁ ልጄ ብልጥ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ቆሞ ሲያስብ ቆይቶ ወደ አልጋው ቀረበና ድርሰቱ ውስጥ የሌለ ጥያቄ ጠየቀኝ፦

«አባዬ፣ ከተነሣህስ ካርታው የት ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ደግሞ ሁሉም መልሱን ለመስማት ዝም አለ። ደራሲው ካርታው የት እንዳለ የትም ቦታ አልጻፈም፤ የተውኔቱ ነገር ሁሉ ያለመገኘቱ ነው። በመጋረጃው ስንጥቅ አዘጋጁ በእጁ «ሙት፣ ሙት» እያለ ያሳየኛል። የጠጣሁት ውሃ ብርታት ሰጥቶኝ ነበርና አፌ ላይ የመጣውን ተናገርሁ።

«ባንክ ነው። ተበድሬበታለሁ። ሳልከፍለው ነው የሞትሁት።»

ብዬም ተመልሼ ተጋደምሁ፤ በዚህ ጊዜ ያለ ጋቢ።

ልጆቼ የሚጣሉበት ነገር አጡ። አንዱ ሌላውን አየ። ትልቁ «ለካ የቀረን ዕዳው ነው» አለ፤ ትንሹ እውነተኛ ሳቅ አምልጦት ፊቱን ወደ ፍራሹ ቀበረ። ሚስቴ ብቻዋን ገጸ ባሕርይዋን ጠብቃ «አንተ ሰው፣ በቁምህም እንዲህ ነበርክ» ብላ የእግሬን ጣት ቆነጠጠችኝ። የቀረው ገቢር በሙሉ ካርታ ፍለጋ ስለሆነ የሚፈለግ ነገር አልነበረም፤ መጋረጃው ተዘጋ። ጭብጨባው ከዚያ በፊት በሰማነው ጭብጨባ ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ ከወዲያ ማዶ ካለውም ጎል ይበልጥ ነበር።

ሰው ሲበታተን አንድ መነጽር ያደረጉ መምህር አዘጋጁን ፈልገው መጡ። እጁን ይዘው «ውርስ በሚጠብቁ ልጆች ራስጌ ‹እንኳን ደስ አላችሁ› ብሎ መስቀል! እንዲህ ያለ ጥልቅ ምጸት በዚህ ከተማ መድረክ ላይ አላየሁም» አሉት። አዘጋጃችን ዓይኑን ሳያርገበግብ «ብዙ አስበንበታል» አለ። ደራሲው አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ሳይሰናበተን ወጣ።

የፈነዳውን ፊኛ ዋጋ አስጌጦቹ አስከፍለውናል። በማግስቱ ማለዳ ወደ አሸዋ ገበያ ለመሄድ ባጃጅ ስይዝ ደግሞ ሾፌሩ ትናንት ከታዳሚው መካከል ኖሮ በመስታወቱ ሲያየኝ ቆይቶ ሒሳብ አልቀበልም አለ፤ «ጋሼ፣ መጀመሪያ የባንኩን ይክፈሉ» ብሎኝ ሄደ።

አሁን ተውኔቱን ሐረር ልናሳይ ነው። አዘጋጁ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚለውን ጽሑፍ በገዛ ገንዘቡ አሠርቷል፤ ፊኛም በብዛት ገዝቷል። ፊኛው በየትኛው ቃል ላይ መፈንዳት እንዳለበት ልምምድ ጀምረናል። ሐረር ግን ብርድ ነው፤ አንድም የፈነዳልን የለም።